ሐኪሙ የሚጠይቀው፣ ካርዱ የሚይዘው

«ስትተኚ ስንት ትራስ ትጠቀሚያለሽ?»

ጠያቂው ዋርድ ከገባ ጥቂት ወራት የሆነው የአራተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነው። አልጋው ላይ ያለችው ከገጠር በሪፈር የመጣች ወጣት እናት ናት። ጥያቄው ግር አላትና ወደ እናቷ ዞራ አየች። «ኧረ ትራስም የለኝ» አለች። ተማሪው ጋደም ስትል ትንፋሽ አያጥራትም ማለት ነው ብሎ ወረቀቱ ላይ «የለም» ጻፈና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ።

አጠገቡ የቆመችው ሬዚደንት ግን አላለፈችውም። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እህቴ፣ ቤትሽ ሳለሽ ሌሊቱን እንዴት ነው የምታነጊው?»

«ምን ይነጋል ብለው ነው ዶክተር። ግድግዳ ተደግፌ ቁጭ እንዳልኩ ነው። ጋደም ካልኩ ትንፋሼ ይቆረጣል፤ ሳሉም አያስተኛኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«የባሰብኝስ ከፍልሰታ ወዲህ ነው። የጀመረኝ ግን የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ ነው። ውሃ ቀድቼ ስመለስ ዳገቷን በአንድ ትንፋሽ ነበር የምወጣት፤ ያን ጊዜ ሦስቴ ማረፍ ጀመርኩ።»

«በልጅነትሽ ጉሮሮሽን ያምሽ ነበር? መገጣጠሚያሽ ያብጥ ነበር?»

እናትየዋ ቀደሙ። «ቶንሲል መች ለቋት ያውቃል! አንዴማ ጉልበቷ አብጦ መራመድ አቅቷት ከረመች። ምች ነው ብለን ዳማከሴ ጨምቀን አጠጣናት፤ ተሻላት።»

የሪፈር ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «ሳልና የትንፋሽ ማጠር፤ ቲቢ ወይስ አስም?» የሚል ነው። ሬዚደንቷ ገና ማዳመጫዋን ከአንገቷ ሳታወርድ ሌላ በሽታ ጠርጥራለች። በልጅነት በወጉ ያልታከመ የጉሮሮ ኢንፌክሽን አንዳንድ ልጆች ላይ የሰውነትን መከላከያ ያሳስትና መገጣጠሚያንና ልብን ያስቆጣል። ጉልበቱ ይድናል፤ ልብ ላይ የቀረው ጠባሳ ግን ዓመታት ቆይቶ የግራውን የልብ በር ያጠበዋል። በእርግዝና ጊዜ በሰውነት የሚዘዋወረው ደም በግማሽ ያህል ይጨምራል፤ ልብም ይፈጥናል። በጠበበው በር ማለፍ ያቃተው ደም ወደ ሳንባ ይመለሳል። ሳሉ፣ ትንፋሽ ማጠሩ፣ አንዳንዴም ከአክታ ጋር ደም መውጣቱ ከዚያ ነው። ለዚህም ነው በሽታው ከቲቢ ጋር የሚምታታው። የልብ አልትራሳውንዱ ኋላ የሚያረጋግጠው ሴትየዋና እናቷ በጥቂት ዓረፍተ ነገር የተናገሩትን ነው።

ይህን መሰል ምልልስ በማስተማሪያ ሆስፒታሎቻችን የውስጥ ደዌ ክፍል እንግዳ አይደለም። የትራሱ ጥያቄ ሰው ሁሉ ትራስ እንዳለው ታስቦ ከተጻፈ መጽሐፍ የመጣ ነው። ሐሳቡ ልክ ነው፦ ሳንባው ውሃ የቋጠረ ሰው በጀርባው ሲተኛ ከእግርና ከሆድ የሚመለሰው ደም ስለሚያጨናንቀው ከፍ ብሎ መተኛት ይሻል። ያልሰመረው መለኪያው ነው። መጽሐፉ ስንት ፎቅ ደረጃ ወጥተው እንደሚደክሙ ጠይቅ ይላል፤ ልምድ ያለው ሐኪም ግን ወንዙን፣ ዳገቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ገበያውን ይጠይቃል። «አምና ገበያ ስትሄጂ ከጓደኞችሽ እኩል ትደርሺ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ስለ ልብ አቅም ብዙ ያወጣል።

ሐኪሞቻችን «ሂስትሪ መውሰድ» የሚሉት ይህንን ነው። ተማሪ ወደ ዋርድ ሲገባ ከሁሉ በፊት የሚማረው እሱን ነው። ቅርጹ በአገራችን የሕክምና ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተመሳሳይ ነው ማለት ይቻላል። መጀመሪያ መለያ ይጻፋል፦ ዕድሜ፣ ጾታ፣ አድራሻ፣ ሥራ፣ ሃይማኖት፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የካርድ ቁጥር፣ የአልጋ ቁጥር። ቀጥሎ ከዚህ በፊት ሆስፒታል ተኝቶ እንደሆነ፤ ከዚያ ወደ ሕክምና ያመጣው ዋና ሕመም ከቆይታው ጋር። የሕመሙ ዝርዝር ታሪክ የሚጀምርበት ዓረፍተ ነገር በትውልድ ሁሉ አልተለወጠም ማለት ይቻላል፦ ታካሚው ይህን ያህል ሳምንት እስኪሆነው ድረስ በአንጻራዊነት ጤነኛ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን… እያለ ይቀጥላል። የቀድሞ በሽታዎች፣ የግልና የማኅበራዊ ኑሮ፣ የቤተሰብ ታሪክ ይከተላሉ፤ መጨረሻ ላይ ከራስ ጸጉር እስከ እግር ጥፍር እያንዳንዱ የሰውነት ክፍል ይጠየቃል።

ከዚህ ሁሉ ተማሪዎችን ይበልጥ የሚያስጨንቃቸው «ኔጋቲቭ ስቴትመንት» የሚሉት ነው፤ ማለትም የሌለውን መጻፍ። ሳል ያለበት ሰው የሌሊት ላብ እንደሌለው፣ ክብደት እንዳልቀነሰ፣ ቲቢ ካለበት ሰው ጋር እንዳልኖረ ካልተጻፈ፣ ራውንድ ላይ ሲኒየሩ «ጠይቀኸዋል?» ማለታቸው አይቀርም። አልጠየቅኩም ማለትና የለም ማለት ሰማይና ምድር ናቸው። ካርዱ ላይ ግን ሁለቱም ባዶ ቦታ ሆነው ከቀሩ ማንም አይለያቸውም። የዚያች እናት ወረቀት ላይ የሰፈረው «የለም» ደግሞ ከባዶ ቦታም የከፋ ነበር፤ የሚቀጥለው አንባቢ ተጠይቆ የተገኘ መልስ ነው ብሎ ይቀበለዋልና።

የመጠየቅ ጥበቡ አዲስ አይደለም። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ የኤፌሶኑ ሩፎስ የሚባል ሐኪም ታካሚን ስለ መጠየቅ ብቻ አንድ መጽሐፍ ጽፏል። በቅድሚያ ሕመምተኛው ራሱ ይጠየቅ ይላል፤ ከሚሰጠው መልስ በላይ አመላለሱ የአእምሮውንና የአቅሙን ሁኔታ ያሳያልና። አስታማሚ የሚጠየቀው ሕመምተኛው መናገር ሲያቅተው ነው። ይህ ምክር ዛሬ በየተመላላሽ ሕክምና ክፍሉ (ኦፒዲው) ቢሰቀል ደስ ይለኛል። አባት በልጃቸው፣ ሚስት በባሏ፣ አሮጊት በልጅ ልጃቸው አፍ ታሪካቸው የሚነገርበት፣ እነሱ ግን ቁጭ ብለው የሚያዳምጡበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጥያቄና መልስ ምን ያህል ያዋጣል ለሚል ሰው እንግሊዝ ውስጥ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 የታተመ ጥናት አለ። ሐምፕተንና ባልደረቦቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውስጥ ደዌ ክሊኒክ የመጡ 80 ታካሚዎችን ተከታተሉ። ሐኪሙ የሪፈር ደብዳቤውን አንብቦና ታሪኩን ሰምቶ የሚገምተውን በሽታ ጻፈ፤ አካላዊ ምርመራ ካደረገ በኋላ እንደገና ጻፈ፤ የላቦራቶሪና የራጅ ውጤት ሲመጣ ደግሞ እንደገና። ከ80ዎቹ በ66ቱ ላይ ከታሪኩ በኋላ የተጻፈው ከመጨረሻው ውሳኔ ጋር አንድ ሆነ። አካላዊ ምርመራው ሐሳብ ያስቀየረው በ7ቱ ላይ ነው፤ ላቦራቶሪውም በሌላ 7 ላይ። እ.ኤ.አ. በ1992 አሜሪካ ውስጥ እንደዚሁ በ80 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት 61ዱን በታሪክ ብቻ ደርሶባቸዋል።

እነዚህ ጥናቶች ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ እንዳሁኑ ባልተስፋፉበት ጊዜ የተሠሩ ናቸው ቢባል እውነት ነው። ነገር ግን አብዛኛው የኢትዮጵያ ጤና ጣቢያ ዛሬም ከነዚያ ክሊኒኮች ያነሰ መሣሪያ ነው ያለው። ራጅ በሌለበት፣ ላቦራቶሪው ሬጀንት ባለቀበት ቀን ለጤና መኮንኑ የሚቀረው ጆሮው ነው። ስለዚህ ሂስትሪ እኛ ዘንድ የመጀመሪያው ምርመራ ብቻ ሳይሆን ብዙ ጊዜ የመጨረሻውም ነው። ለዚህ ምርመራ የምንመድበው ጊዜ ከሁሉ ያነሰ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ጊዜውን የለኩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1984 ቤክማንና ፍራንክል የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች 74 የሐኪምና የታካሚ ውይይቶችን ቀድተው አዳመጡ። ታካሚው ለምን እንደመጣ መናገር ሲጀምር ሐኪሙ በአማካይ በ18ኛው ሰከንድ ያቋርጠዋል። ሐሳባቸውን የጨረሱት 17 ብቻ ነበሩ። የተቋረጠው ሰው ደግሞ ወደ ጀመረው ወሬ ብዙም አይመለስም፤ ዋናው ጉዳይ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚነገረው ባለመሆኑ ትልቁ ነገር ሳይነሳ ይቀራል።

ሐኪሞች ለማቋረጣቸው የሚሰጡት ምክንያት ዝም ካሉት ሰው ቀኑን ሙሉ ያወራል የሚል ነው። ስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ ባለ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይህን ፈተሹት። ሐኪሞቹ 335 ታካሚዎችን ምን ሆነው እንደመጡ ጠይቀው ዝም እንዲሉ ተነገራቸው፤ የታካሚው ንግግር በሰዓት ተያዘ። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው ውጤት መሠረት ሰዎች በአማካይ በ92 ሰከንድ ወሬያቸውን ጨረሱ። ከመቶ 78ቱ ከሁለት ደቂቃ አላለፉም፤ ከአምስት ደቂቃ በላይ የተናገሩት ሰባት ሰዎች ብቻ ነበሩ። የኛ አገር ሰው ከሥሩ ነው የሚጀምረው የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው፣ እርሻውንና ጎረቤቱን ሳያነሳ ሆዱ ጋ የማይደርስ አለ። ያቺ እናት ግን ልጅ ማርገዟንና ዳገቷን ያነሳችው ጠይቃት ዝም ብላ ያዳመጠቻት ሰው ስላገኘች ነው።

ጊዜውም ተገኝቶ ቦታው ላይመች ይችላል። በየኦፒዲው አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት ሐኪሞች በሁለት ጠረጴዛ ይቀመጣሉ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ተራ የሚጠብቅ ሰው ካርዱን ይዞ አንገቱን ያስገባል። ከሴቲቱ ጋር አማቷ ቆመዋል። «የወር አበባሽ መቼ ነው የመጣው? ጽንስ ወርዶብሽ ያውቃል?» የሚለው ጥያቄ በዚህ መሐል ይመጣል። መልሱ አንገት መድፋት ነው። ካርዱ ላይም «የለም» ተብሎ ይጻፋል። ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት፣ ባል ስለሚያደርሰው ድብደባ፣ ስለ መጠጥ፣ ራስን ስለ መጥላት የሚጠየቁት ሁሉ እንዲሁ ናቸው። አንዳንድ ሐኪሞች መላ አላቸው፦ «እናታችን፣ አንዴ ልመረምራት ነው፤ ውጭ ይጠብቁን» ይሉና ሰው ሲቀንስ ጥያቄውን ደግመው ያነሳሉ። መጋረጃ መዝጋት ገንዘብ አይጠይቅም፤ ብዙ ቦታ ግን መጋረጃው ራሱ የለም።

ሌላው አስቸጋሪ ነገር ታካሚው ሕመሙን ሳይሆን የሕመሙን ስም ይዞ መምጣቱ ነው። «ጨጓራ አለብኝ»፣ «ኩላሊቴን ያመኛል»፣ «ብርድ መትቶኝ ነው» ይላል። ጎረቤትና ፋርማሲ ቀድመው ፈርደውለታል። ሐኪሙም ሰልፉ ረጅም ከሆነ ፍርዱን ተቀብሎ መድኃኒት ያዛል። የልብ ደም ስር መዘጋት ሲጀምር ግን ሕመሙ ደረት ላይ ብቻ አይደለም የሚሰማው፤ ከእምብርት በላይ፣ ልክ ጨጓራ የሚባለው ቦታ ላይም ሊያቃጥል ይችላል፤ በተለይ ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ ምልክቱ ግልጽ አይሆንም። ሁለቱን ለመለየት ውድ መሣሪያ ሳያስፈልግ የሚጀመርበት ጥያቄ አለ፦ «ሲበሉ ነው የሚብስብዎት ወይስ ሲራመዱ? ቆም ሲሉ ይተውዎታል?» ዳገት ሲወጡ መጥቶ ሲያርፉ የሚተው «ጨጓራ» የልብ ምርመራ ሳይደረግለት ወደ ቤት መሄድ የለበትም።

የተነገረው ወደ ወረቀት ሲገባ ደግሞ ሌላ መንገድ ይጓዛል። ታካሚው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሲዳምኛ ወይም በሶማልኛ ይናገራል፤ ካርዱ በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ሐኪሙ ቋንቋውን ካልቻለ የሚያስተረጉመው በአጠገብ ያለ ሰው ነው፦ ጥበቃ፣ ጽዳት ሠራተኛ፣ የጎን አልጋ ታካሚ። «ከጥምቀት ማግስት» የተባለው ወደ ሳምንት ይቀየራል፤ «አንዳንዴ» የተባለው ይጣላል። ታካሚው የተጻፈለትን አያነብም፤ ስለዚህ አያርምም።

በውጭ አገር የሚኖሩ፣ የአገሩ ቋንቋ ባዕድ የሆነባቸው ወገኖቻችን ላይ ነገሩ ይብሳል። ሲያትል ከተማ የሚገኘው ሃርበርቪው ሆስፒታል ይህን ቀድሞ ተረድቶ እ.ኤ.አ. በ1994 አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ተናጋሪ አስተርጓሚዎችን ቃል ከማቀበል አልፈው በቤተሰቡና በሐኪሙ መካከል እንዲሠሩ የሚያደርግ ፕሮግራም ጀመረ። እነዚህ ሰዎች ቤት ድረስ ይሄዳሉ፤ ሐኪሙ ያልገባውን ልማድ ያስረዳሉ፤ ታካሚው የፈራውን ይናገራሉ። እስራኤልም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ለቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ በጤና ክሊኒኮች ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ አገናኞችን መድባለች። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የፌዴራል ደንብ ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር ሕፃናት ልጆችን ለወላጆቻቸው አስተርጓሚ ማድረግን ከልክሏል። እናት የማህፀን ሕመሟን በአሥር ዓመት ወንድ ልጇ አፍ ትናገራለች ብሎ መጠበቅ በሁለቱም ላይ ግፍ ነው። ያም ሆኖ ባለሙያ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው የማያውቁ ብዙ ወላጆች አሉ።

ስለ ካርዱ ራሱ ጥቂት እንበል። አንድ ሰው አንድ ቁጥር፣ አንድ ቁጥር አንድ ፎልደር የሚለው አሠራር ቀላል ቢመስልም ዕድሜው ብዙ አይደለም። ቀድሞ እያንዳንዱ ሐኪም የራሱ መዝገብ ነበረው፤ አንድ ታካሚ ሦስት ሐኪም ካየው ታሪኩ በሦስት ቦታ ይበታተናል። አሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ውስጥ ሄንሪ ፕለመር እ.ኤ.አ. በ1907 ሁሉንም በአንድ ቁጥር ሥር ሰበሰበው። የአገራችን ካርድ ክፍልም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ ሎረንስ ዊድ የተባለ ሐኪም ማስታወሻው በታካሚው ችግሮች ዝርዝር ይዋቀር አለ፦ ታካሚው የተናገረው፣ ሐኪሙ ያገኘው፣ የደረሰበት ግምት፣ ያቀደው። ይህ አጻጻፍ እስከዛሬ በዓለም ዙሪያ ይሠራል። ጥቅሙ የታካሚው ቃል ከሐኪሙ ግምት ተለይቶ መቀመጡ ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ፣ ጠዋት «ቲቢ ሊሆን ይችላል» የተባለው ማታ ተረኛው ዘንድ ቲቢ ሆኖ ይደርሳል፤ ሪፈር ሲጻፍ ደግሞ የታወቀ የቲቢ ታካሚ ይሆናል። የመጀመሪያውን ስህተት የሚያርመው ታሪኩን እንደ አዲስ የጠየቀ ሰው ብቻ ነው። ራውንድ ላይ ኢንተርኑ የቀድሞውን ጽሑፍ ቀድቶ እንዳያቀርብ ሲኒየሮች የሚቆጡት ለዚህ ነው።

የወረቀት ካርድ ይጠፋል፤ ካርዱ የጠፋበት ሰው አዲስ አውጥቶ ከዜሮ ይጀምራል። ኮምፒውተሩ ይህን ያቃልላል፤ የራሱንም ዕዳ ያመጣል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ሐኪሞች ከታካሚ ጋር ለሚያሳልፉት አንድ ሰዓት ወደ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ በኮምፒውተርና በጽሑፍ ሥራ እንደሚያጠፉ አሳይቷል። በሌላ በኩል እዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ2010 ሃርበርቪውን ጨምሮ በሦስት ተቋማት የተጻፈውን ለታካሚው ክፍት የማድረግ ሙከራ ተጀምሮ፣ ከ2021 ወዲህ በሕግ የታካሚው መብት ሆኗል። የተጻፈለትን የሚያነብ ሰው ያልተናገረውን ያርማል፤ የዘነጋውን ያስታውሳል። እኛ አገር ይህን ለመጀመር ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ ሐኪሙ የጻፈውን በታካሚው ቋንቋ መልሶ ቢነግረውና «ልክ ነኝ?» ቢለው ይበቃል።

ከካርዱ መስመሮች መካከል አንዱ ሁልጊዜ ያሳስበኛል። መለያው ላይ ሃይማኖት ተብሎ ይጠየቃል፤ ኦርቶዶክስ ወይም ሙስሊም ተብሎ ይሞላል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አያየውም። ኢንሱሊን የሚወጉ አዛውንት ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾሙ ይሆናል። ጠዋት ወግተው ምግብ ካልቀመሱ ስኳራቸው እኩለ ቀን ላይ ወርዶ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ። ይህ የደረሰባቸው ብዙዎች በራሳቸው መላ የጠዋቱን መርፌ ይተዉታል፤ ረመዳን ላይ የሚጾሙትም እንዲሁ። ቤተ ክርስቲያንም እስልምናም ለሕመምተኛ ፈቃድ እንዳላቸው ያውቃሉ፤ ነገር ግን አይፈልጉትም፤ ሐኪሙ ይቆጣል ብለውም አይነግሩትም። «መድኃኒትዎን በደንብ ይወስዳሉ?» ሲባሉ «አዎ» ይላሉ። ስኳሩ ከፍ ብሎ ሲገኝ መጠኑ ይጨመራል። የተጨመረውን መጠን ጾም ፈተው በሙሉ የወጉ ቀን አደጋው ይመጣል።

ጥያቄውን ቀየር አድርጋ የምትጠይቅ ነርስ ግን እውነቱን ታገኘዋለች።

«አባቴ፣ ዛሬ ጠዋት መርፌውን ስንት ሰዓት ወጉ?»

«ዛሬማ ጾም አይደል ልጄ፤ ማታ ነው የምወጋው።»

«ስንት ሰዓት ይቀምሳሉ?»

«ቅዳሴ ሲወጣ፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት።»

ካርዱ ላይ «እስከ ፋሲካ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ፤ የጠዋቱን ኢንሱሊን አይወጉም፤ መጠን ከመጨመሩ በፊት ሰዓቱ ይስተካከል» ብላ ጻፈች፤ ከሥሩ ቀኑን አስቀምጣ ፈረመችና ካርዱን ለሐኪሙ አቀበለች።